በአሳማዋ ሆድ የተሰየመ ችሎት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ክንፈ፣ ቀኝ እግራቸውን ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ እንደነከሩ። «አሳማ ያረባ ነበር።»

እግራቸውን የሚያጥባቸው አንዳርጌ አሳማ የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ ባለበት ቆመ።

«ምነው ፊትህን አጨፈገግከው? ስሙ እኮ ነው የተነሣው፤ ሥጋውን ብላ አላልኩህም። ይልቅ ተረከዜን ጠበቅ አድርገህ እሸው።»

አንዳርጌ የድሮ ተማሪያቸው ነው። ዛሬ ጢሙ የሸበተ ገበሬ ቢሆንም፣ ከገበያ ሲመለስ እሳቸው ግቢ ጎራ ብሎ ያበጠውን እግራቸውን ማጠብ አልተወም። አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ አጥቦ ይሄዳል። በዚህ ቀን ግን ጥያቄ ይዞ ነበር የመጣው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። በአባታቸው ተዝካር ላይ ታናሹ በእንግዶች መካከል ቆሞ «አባቴን ያስታመምኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለ። አንዳርጌ ያን ዕለት ዱላ አንሥቶ ነበር፤ ሰው ያዘው። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አሁን ታናሹ መሬቱ አልበቃ ብሎት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ቆላ ሊወርድ ጓዙን ጠቅልሏል። ሳይሄድ መታረቅ ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። አንዳርጌ ሽማግሌዎቹን በደንብ ተቀብሎ፣ «እኔ ቂም የለኝም፤ ደጄን ግን አይርገጥ» ብሎ ሸኛቸው። ሰው ሁሉ ትዕግሥቱን አደነቀለት።

ጥያቄውም ይህን የሚመለከት ነበር። «የኔታ፣ በሆዴ ሁለት ነገር ይሟገታል። ቁጣዬ ሂድና አናቱን በለው ይለኛል። ኩራቴ ደግሞ እሱን መምታት ራስህን ማዋረድ ነው፣ እንደሌለ ቁጠረው ይለኛል። እስካሁን ኩራቴን እያገዝኩ ቁጣዬን አስቀምጬዋለሁ። ደግ አላደረግኩም?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዳርጌ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ነበር። ቀጥለው ነው እንግዲህ ያን አሳማ አርቢ ያነሡት። እሳቸው ሲተርኩት እንዲህ ነው።

ሰውየው የሚኖረው ጉም ከማይለየው ወንዝ ዳር ነበር። ጠዋት ጉሙ ከውሃው ላይ ይነሣና በቄጠማው ላይ ይጋደማል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይሳሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። በወንዙ ዳርና ዳር ትልልቅ የሾላ ዛፎች አሉ። ፍሬያቸው ሲበስል ማንም ሳይነካው ይወድቃል፤ ሲወድቅ ድምፁ ይሰማል፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደወደቀ ግን አይታወቅም። በዚያ አገር ሰው ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቀትር ላይ ሁሉም ያንቀላፋል። ያልተኛ ቢኖር እንኳ የነቃ አይመስልም።

ይህ ሰው አንዲት እናት አሳማ ነበረችው። ከእሷ ሌላ ከብት የለውም። በየጊዜው ከምትወልዳቸው ግልገሎች ነው እሱና ሚስቱ የሚኖሩት፤ ጎጆአቸውም የቆመው፣ የሚለብሱትም የሚገኘው በእሷ ነው። አሁንም ልትወልድ ተቃርባለች። በላተኛ ናት። የወደቀውን ሾላ ትበላለች፣ የተሰጣትን አተላ ትጠጣለች፣ ቀና ብላ ደግሞ ሌላ ትፈልጋለች። ጎረቤቶቹ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም ይሉና፣ «ያንተዋስ ወስፋቷ ክፍት ነው፤ ታድለህ» ይሉታል። እሱም ደስ ይለዋል።

እዚህ ላይ ልብ በል። እነሱም እንደ እኛው ናቸው፤ ሲርባቸው ወስፋቴ ጮኸ ይላሉ። መብላት ሲያስጠላቸው ወስፋቴ ተዘጋ ይላሉ። በአንጀት ውስጥ የሚኖረውን ነጭና ረጅም ትልም ወስፋት ይሉታል። ረሃቡንና ትሉን በአንድ ስም ሲጠሩ ማንም ቆም ብሎ አስቦበት አያውቅም። እኛስ መቼ አሰብንበት?

ሚስቱ ግን ዓይኗ ሌላ ነገር ያይ ነበር። «ኧረ አንተ ሰው፣ ይቺ አሳማ ሆዷ ተነፋ እንጂ አልወፈረችም። ጀርባዋን እየው፣ አጥንቷ ወጥቷል። ፀጉሯ ቆሟል። ከኋላዋም ደም ያለው ነገር አይቻለሁ። ግራዋ ወቅጠን እናጠጣት።»

«ግራዋ ምን ያህል እንደሚመር ረሳሽው? ወስፋቷን ይዘጋዋል። ልትወልድ ደርሳ ምግብ ካቆመች ምን ይውጠናል?»

«አሁንስ እየበላች ምን አተረፈች?»

«ትብላ፤ የሚበላ አይሞትም» አለና ወደ ጥላው ሄደ።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ሳልነግርህ ባልፍ ተረቱ አይገባህም። በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነበር፣ በእኛም አገር በድሮ ጊዜ እንደነበረው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የነጠላቸውን ጫፍ አቆራኝተው ወደ መንገድ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ያገኙትን ሰው «ዳኝነት እይልን» ብለው ያስቆሙታል። ያ ሰው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና የመንገድ ዳኛ ይሆናል። ይህን ሰው ግን በዕድሜው ማንም አስቁሞት አያውቅም። ክፉ ሰው ስለነበር አይደለም። ፊቱ መንገድ ጠይቀውት የሚያልፉት ዓይነት ፊት ነው፤ ዳኝነት የሚጠይቁት ዓይነት አይደለም። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር። ብቻውን ሲሆን ቄጠማ ቆርጦ እንደ ጭራ እያወዛወዘ «እንዲህ ብለናል፣ እንዲህ ፈርደናል» ይል እንደነበር ሚስቱ ታውቃለች። ታዝንለታለች።

አንድ ቀትር ላይ አሳማዋ ከሾላው ሥር ተጋደመች። እሱም አጠገቧ ተጋድሞ ጆሮውን ከጎኗ ላይ አሳረፈ። ሆዷ ይሞቃል፤ ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የሰማው ተራ የሆድ ጩኸት ነበር። ቆይቶ ጩኸቱ ንግግር መሰለ። ቆይቶ ቃሉ ተለየ።

«ተጠየቅ!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ማን ሆነህ ትጠይቀኛለህ!» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ሰውየው እንዴት እንደገባ አላወቀም። ሳይነሣ፣ ሳይሄድ፣ ውስጥ ሆኖ ራሱን አገኘው። ጉም የመሰለ ቀይ ብርሃን የሞላበት ረጅም ቤት ነው። ወለሉ ይተነፍሳል። ከሩቅ የልብ ምት ይሰማል፣ ማዶ መንደር እንደሚመታ ከበሮ። በላይኛው በኩል ነጭ፣ ረጅም፣ ለስላሳ ወስፋት እንደ ባለርስት ተንጋሎ ተኝቷል። በታችኛው በኩል ጅራፍ የመሰለ ቀጭን ትል አለ፤ ራሱን ከግድግዳው ውስጥ ቀብሮ ጅራቱን ብቻ ያወራጫል። አንዳርጌ፣ ከእንግዲህ አንዱን ላይ ቤት፣ ሌላውን ታች ቤት ስል የመጻሕፍት ትርጓሜ ወገኖቹ እንዳይመስሉህ። የአንጀቱን ላይኛና ታችኛ ማለቴ ነው። ክርክራቸው ግን ከእኛ ክርክር ብዙም አይለይም።

ሁለቱም ሰውየውን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ በአንድ ድምፅ፣ «ጌታችን፣ መንገደኛ ከሆኑ ዳኝነት ይዩልን» አሉት።

ሰውየው እንባው መጣ። ደስ አለው። የሚቀመጥበት ፈልጎ አጣና በቆመበት ነጠላውን አስተካከለ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ይስሙኝ» አለ የላይ ቤቱ። «እኔ በላይ ስለምኖር የሚመጣውን ሁሉ ቀድሜ እቀበላለሁ። ይህ ግን ከታች ሆኖ ቤቱን ያቆስላል፤ ግድግዳ ይቦረቡራል፤ ደም ያፈሳል። እሱ ባይኖር ቤቱ ሰላም ነበር። ይባረርልኝ።»

«ጌታዬ ዳኛ፣ እኔንም ይስሙኝ» አለ የታች ቤቱ። «ቀድሞ የሚቀበለውን ሁሉ ቀድሞ ይበላዋል። ለእኔ የሚደርሰኝ ትራፊ ነው። ግድግዳውን የያዝኩት የምይዘው ሌላ ነገር ስለሌለኝ ነው። ሆዷን የነፋው እሱ ነው። እሱ ይባረርልኝ።»

ሰውየው ግራ ቀኙን አደመጠ። የላይ ቤቱ አነጋገር ደስ አለው፤ ረጋ ያለ ነው፣ ጨዋ ይመስላል። ደሙም አሳስቦታልና ለእሱ ፈረደ። የላይ ቤቱ እጅ እየነሣ ምክር ጨመረ፤ «በወንዙ ዳር የሚበቅለውን ጣፋጭ ሥር ቆፍረው ቢሰጧት እኔን አይነካኝም፤ ለታች ቤት ግን አይስማማውም።»

ሰውየው ሲነቃ የሾላ ፍሬ ደረቱ ላይ ወድቆ ነበር። ወዲያው ሄዶ ጣፋጩን ሥር ቆፍሮ ሰጣት። ሳይቆይ ደሙ ቆመ።

«ፈረድኩ!» አላት ሚስቱን።

«በማን ላይ?»

«በታች ቤቱ ላይ። ደሙ ቆመ አይደል?»

«ደሙስ ቆመ» አለች ሚስቱ፣ እጇን በአሳማዋ ጀርባ ላይ እያሳለፈች። «አጥንቷስ?»

እሱ ግን አልሰማትም። ጆሮው ገና እዚያ ውስጥ ነበር።

ታች ቤቱ ጸጥ ሲል ላይ ቤቱ ተዝናና። ረዘመ፣ ወፈረ፣ ልጆች አፈራ። የአሳማዋ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ደረቷም ያስላት ጀመር። ሰውየው በቀትር ተመልሶ ጆሮውን ከጎኗ ላይ ቢያሳርፍ፣ ቀጭኑ ከተደበቀበት ጥግ ወጥቶ እያለቀሰ ጠበቀው። «ጌታዬ ዳኛ፣ የፈረዱለት ወገን ምን እንዳደረገ ይዩ» አለው። ሰውየው አየ፤ ተቆጣ፤ ፍርዱን ገለበጠ። ጣፋጩን ሥር ከለከላት፣ በምትኩ የዱር ነጭ ሽንኩርት ሰጣት። ላይ ቤቱ ተኮማተረ። ሳሉ ቀለል አለ። ታች ቤቱም አንገቱን ቀና አደረገ፤ ደሙም ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ችሎቱ ሥራው ሆነ። ቀትር ሲሆን ፊቱን ይታጠባል፣ ጋቢውን ይደርባል፣ ቄጠማውን ትቶ እውነተኛ ጭራ ይይዛል። ሚስቱ «እህሉን ማን ያርመዋል?» ስትለው «ችሎት አለኝ» ይላታል። አንድ ቀን ለላይ ይፈርዳል፣ አንድ ቀን ለታች። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወድቃል፤ ሌላው ሲነሣ አንዱ ይወድቃል። ይህን ነገር ሰላም አለው። እውነቱን ልንገርህ፣ በዕድሜው እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ሁለት ሙግተኞች ጌታዬ እያሉ እጅ ይነሡታል፤ በዚያ ቀይ ጉም ውስጥ ድምፁ እንኳ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለዋል፣ ወፍራምና የሚያምር። አንዳንዴ ሲነቃ የራሱ ቀጭን ድምፅ ያሳፍረዋል።

ሾላው በስሎ ረገፈ። ጉሙ መጣ፣ ሳሳ፣ ተመልሶ መጣ። አሳማዋ ወለደች።

ግልገሎቹ ትንንሾች ነበሩ። ሲወለዱ ድምፃቸው እንኳ ከሣሩ በላይ አልተሰማም። ተንፏቀው እናታቸው ሆድ ሥር ገቡ፤ ጡት ያዙ፤ ያዙና ጮኹ። ሚስቱ ከግቢው ጫፍ እየሮጠች መጣች። ሁልጊዜ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ያን ቀን ጮኸች።

«እያቸው! ጡቱን አፋቸው ውስጥ ይዘው ይጮኻሉ። አየህ ወይ? ጡት አፋቸው ውስጥ እያለ!»

ሰውየው ደነገጠ። እጁ ግን ምን እንደያዘ ታውቃለህ? ጭራውን። «ቆይ፣ ዛሬ የመጨረሻውን ፍርድ እሰጣለሁ» አላት። ሚስቱ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እሱ ተጋደመ፣ ጆሮውን ከጎኗ ላይ አሳረፈ። ሆዷ እንደ በፊቱ አይሞቅም ነበር።

ቤቱ ጨልሟል። ቀዩ ብርሃን ግራጫ ሆኗል። ከበሮው ከቀድሞው ርቋል፤ መታ አድርጎ ይቆማል፣ ደግሞ ይመታል። ሁለቱ ሙግተኞች ግን ይህን ያዩ አይመስሉም። ከመቼውም በላይ ደምቀዋል፤ ከመቼውም በላይ ይጮኻሉ። ላይ ቤቱ የታች ቤቱን በደል ይዘረዝራል፤ ታች ቤቱ የላይ ቤቱን። ሰውየው ጭራውን ከፍ አደረገ።

«በቃ! ዛሬ ነገሩ ይቆረጣል። ምስክር አላችሁ ወይ?»

«አለን» አሉ ሁለቱም። «ቤቱ ራሱ ምስክራችን ነው።»

«እንግዲያው ቤቱ ይናገር» አለ ሰውየው። ይህን ያለው ለወጉ ነበር። በችሎት እንዲህ ይባላል ብሎ እንጂ ቤት ይናገራል ብሎ አላሰበም።

«በሕግ አምላክ!» አለ አንድ ድምፅ።

ደካማ ድምፅ ነበር። ከላይም አልመጣም፣ ከታችም አልመጣም፤ ከግድግዳው፣ ከወለሉ፣ ከዙሪያው ሁሉ መጣ። በሕግ አምላክ ሲባል ደግሞ፣ አንዳርጌ፣ እጁን ያነሣ እጁን ይዞ ይቆማል፤ የሚናገር አፉን እንደከፈተ ይቆማል። ወስፋቱ ባለበት ደረቀ። ቀጭኑ ጅራቱን እንዳነሣ ቀረ። የሰውየውም ጭራ በአየር ላይ ቀረ።

«አንተ» አለችው አሳማዋ።

ሁለቱ ሙግተኞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጌታዬ፣ እርስዎ ይሉት ነበር። እሷ ግን ልክ ሚስቱ እንደምትጠራው፣ እናቱ ትጠራው እንደነበረው፣ አንተ አለችው። ሰውየው ይህን ሲሰማ ጭራውን ዝቅ አደረገ።

«አንተ፣ ስንት ጊዜ መጥተህ ስንት ጊዜ ፈረድክ። ቤቱ የማን ነው ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ ከሳሽ አይደለሁም፣ ተከሳሽ አይደለሁም። በዚህ ችሎት ማንም ስሜን አልጠራም። እነዚህ የሚሟገቱት ግን በእኔ እራት ነው። ለላይኛው ብትፈርድ የፈረድክለት የእኔን ነው። ለታችኛው ብትፈርድ የፈረድክለት የእኔን ነው። ጎረቤቶችህ ወስፋቷ ክፍት ነው ይላሉ። ወስፋቱ የእኔ አይደለም። የጮኸው እሱ ነው፣ የበላውም እሱ ነው። እኔ ርቦኛል ብዬ እንኳ የምጮኽበት ጊዜ አላገኘሁም።»

ሰውየው ወደ ሁለቱ ሙግተኞች ዞረ። ድምፁ ወፍራሙ ድምፅ አልነበረም፤ የራሱ ቀጭን ድምፅ ነበር።

«እሷ ብትሞት ምን ትሆናላችሁ?»

ወስፋቱ ቀጭኑን አየ። ቀጭኑም ወስፋቱን አየ። ጥያቄው ለሁለቱም አዲስ ነበር። አንዱ ሌላውን ስለማሸነፍ እንጂ ስለዚህ አስበው አያውቁም። ከሩቅ ከበሮው መታ አድርጎ ቆመ።

ሰውየው ብድግ ብሎ ነቃ። ጉንጩ እርጥብ ነው፤ ከእሷ ላብ ይሁን ከራሱ እንባ አላወቀም። ግልገሎቹ ጡቱን ይዘው ያቃስታሉ። ጭራውን ወደ ቄጠማው ወረወረው። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አሳማዋን አለበሳት። ከዚያ እየሮጠ ግራዋ ወዳለበት አጥር ሄደ፤ ሰው እንዲህ ሲሮጥ አይተው የማያውቁት ጎረቤቶች ቆመው ተመለከቱት። ቅጠሉን አምጥቶ ከሚስቱ ጋር ወቀጡት፤ ጨመቁት። ሚስቱ ለምን እንደዘገየ አልጠየቀችውም፤ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የአሳማዋን አፍ ያዘችለት፣ እሱ አጠጣት።

አሳማዋ ተንቀጠቀጠች። ኮሶ እንደጠጣ ሰው ምራቋ ወረደ። ሾላ ቢያቀርቡላት ፊቷን አዞረች፤ አተላ ቢያቀርቡላት ፊቷን አዞረች። ጎረቤቶቹ መጥተው፣ «ወስፋቷን ዘጋባት! አራስ ናት እኮ፣ እንዲህ ያለ ጭካኔ የት ታይቷል?» አሉ። ሰውየው ፈርቷል። ልክ እንዳደረገ እርግጠኛ አልነበረም፤ እንዲያውም የገደላት ሁሉ መሰለው። አጠገቧ ተቀምጦ ጀርባዋን ያሻት ነበር። ችሎቱን ከጀመረ ወዲህ፣ ሳይፈርድ ዝም ብሎ አጠገቧ የተቀመጠው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለቱ ሙግተኞች ወጡ። መሬት ላይ፣ በፀሐይ ላይ፣ ረጅሙና ቀጭኑ ተጠላልፈው ወደቁ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አያቸው። የትኛው እንዳሸነፈ ከቶ ማወቅ አይቻልም ነበር። ጌታዬ ያለው የትኛው እንደነበረም መለየት አቃተው። ሚስቱ አመድ በተነችባቸው።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ጆሮውን ከጎኗ ላይ ቢያሳርፍ ከልብ ምቷ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። እውነቱን ካልነገርኩህ ተረቱ ውሸት ይሆናል፤ ሰውየው ያን ችሎት ናፈቀው። ሁለት ድምፆች ጌታዬ ሲሉት የነበረው ናፈቀው። ሆዱ ባዶ የሆነው የእሱ እንጂ የእሷ አልመሰለውም። ይህን ለሚስቱ ሊነግራት ፈልጎ አፈረ።

በዚህ መሐል ከሾላው ላይ አንድ የዘገየ ፍሬ ወደቀ። አሳማዋ ዓይኗን ገለጠች። ቀስ ብላ አንገቷን ዘርግታ አነሣችው። እንደ በፊቱ አልዋጠችውም፤ አኘከችው፣ ቆየችበት፣ የጣዕሙን ስም የምታስታውስ ያህል ቆየች። ሚስቱ «በላች» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ አንዱ ግልገል መጮኹን አቆመ። ቀጥሎ ሌላው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ በአፋቸው ዳር ነጭ ነገር ነበር። ወተት ነው። ሚስቱ እጇን በእጁ ላይ አደረገች፤ እሱም ችሎቱን ያን ጊዜ ረሳው።

መሪጌታ ክንፈ ዓይናቸውን ገለጡ። አንዳርጌ እግራቸውን ይዞ ረስቶት፣ ውሃው ቀዝቅዞ ነበር።

«እንግዲህ አንተን ላናግር» አሉት። «ቁጣዬን በኩራቴ አስቀምጫለሁ አልከኝ። ደሙ ቆመ ማለትህ ነው። እኔም አምንሃለሁ፤ ቆሟል። ዱላህን ጥለሃል። ሰውም ትዕግሥትህን አድንቋል፤ ወስፋቷ ክፍት ነው እንዳሉት ጎረቤቶች። ኩራትህ ላይ ቤት ነው፤ ረጋ ያለ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ንግግር ያውቃል። ሽማግሌዎቹን በደንብ ተቀብሎ የሸኘው እሱ ነው። ቁጣህ ታች ቤት ነው፤ ራሱን ግድግዳህ ውስጥ ቀብሮ ይጠብቃል። አንተም በመሐል ተቀምጠህ አንድ ቀን ለዚህ፣ አንድ ቀን ለዚያ ትፈርዳለህ። ማንኛው ይሻላል ብለህ ጠየቅከኝ። አልመልስልህም። የሚሟገቱት በማን እራት እንደሆነ ግን እነግርሃለሁ። አንተና ወንድምህ ከአንዲት እናት ጡት ጠብታችሁ ያደጋችሁበት ፍቅር አለ። እሱን ነው የሚበሉት። በችሎትህ ላይ ስሙን አንድ ቀን ጠርተኸው አታውቅም።»

አንዳርጌ እግራቸውን ከቀዘቀዘው ውሃ አወጣ።

«ወንድምህ በተዝካሩ ላይ የተናገረው ቃል ውሸት ነበር?»

«እውነት ነበር፣ የኔታ» አለ አንዳርጌ ውሃውን እያየ። «ያስታመመው እሱ ነው። እኔ አዝመራ ላይ ነኝ እያልኩ... እኔ አልመጣሁም።»

«ይኸው ግራዋው እሱ ነው። ይመራል። ይህን ወንድምህ ፊት ቆመህ ስትለው ሁለቱም ተጠላልፈው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ሆድህ ባዶ ሆኖ ይሰማሃል፤ አትፍራው።» መሪጌታ ቀጠሉና፣ «የወንድምህን የመጨረሻ ልጅ ስም ታውቀዋለህ?» አሉት።

አንዳርጌ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ልጁ የተወለደው ከኩርፊያው በኋላ ነው።

«አላውቅም።»

«ጡት ይዞ የሚጮኸው ግልገል እሱ ነው እንግዲህ። አጎት አለው፤ አጎት እንዳለው ግን አያውቅም። ወንድምህ ጓዙን ጭኖ ከወጣ በኋላ ቆላ ወርደህ ልትጠይቅ ነው? ተነሥ።»

አንዳርጌ እጁን በጋቢው ጠረገና ተነሣ። ወደ ግራ እግራቸው ጎንበስ ሊል ሲል መሪጌታ እግራቸውን ወደኋላ ሰበሰቡ።

«ተው። ቀኙ ታጥቧል፤ ግራው እንዳለ ይቆይ። የልጁን ስም ይዘህ ስትመጣ ታጥበዋለህ። ሳትይዝ ከመጣህ አላስነካህም።»